የኬፕ ታውንን ባሕረ ገብ መሬት በአንድ ቀን በመኪና መዞር፦ በሩ ሳይዘጋባችሁ፣ ዝንጀሮ ምሳችሁን ሳይወስድ

ኬፕ ታውን ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚነግረኝ ነገር ይመሳሰላል። «ኬፕ ፖይንት (የባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ) ስንደርስ በሩ ሊዘጋ ነበር።» «ቻፕማንስ ፒክ (በገደል ላይ የሚያልፈው የባሕር ዳር መንገድ) ዝግ ሆኖ ጠበቀን።» «ፔንግዊን ስናይ ግማሽ ቀን አለቀ።» መንገዱ ከባድ ሆኖ አይደለም። ሙሉ ዙሩ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልቱም ጥሩ ነው። ሰው የሚሸነፈው በሰዓትና በቅደም ተከተል ነው። እኔም የመጀመሪያ ቀን ተሸንፌያለሁ፦ ቁርስ ላይ ተንዛዝተን ከከተማ የወጣነው አምስት ሰዓት ላይ ነበር። የዞርነውን ያህል ሰዓት ስናይ ዋልን።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። እዚህ የምጽፈው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በቅንፍ ያለው የእነሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስልካችሁ በራሱ ካላስተካከለ እናንተ አስተካክሉት። በር ላይ 6፡00 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ማለት ነው እንጂ ቀትር አይደለም።

1. ዋዜማውን ማታ የሚያልቁ ነገሮች

ጠዋት ላይ የሚወሰን ነገር አታስቀሩ። ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

ሀ. የፓርኩን መዝጊያ ሰዓት እወቁ። ኬፕ ፖይንት ያለው በቴብል ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከኦክቶበር እስከ ማርች ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት (6፡00–18፡00) ክፍት ነው። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ግን ከጠዋቱ 1 እስከ 11 ሰዓት (7፡00–17፡00) ብቻ ነው። የመዝጊያው ሰዓት ሁሉም ሰው ጠቅልሎ የሚወጣበት ነው። ሊለዋወጥ ስለሚችል በፓርኩ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ለ. ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ ቁጠሩ። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ቁልፉ እሱ ነው። ክረምታቸው ላይ በሩ 11 ሰዓት ይዘጋል እንበል። ከጫፉ መኪና ማቆሚያ እስከ በሩ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ከመጠባበቂያ ጋር 45 ደቂቃ ያዙለት። ስለዚህ ከማቆሚያው መነሻችሁ 10፡15 ነው። ለእግር ጉዞና ለምሳ ሦስት ሰዓት ቀንሱ፤ 7፡15። ወደ ውስጥ ለመንዳት ግማሽ ሰዓት፤ 6፡45 (12፡45)። ከዚህ በኋላ በሩ ላይ ከደረሳችሁ ሙሉውን ፕሮግራም አትጨርሱም ማለት ነው። በበጋቸው አንድ ሰዓት ጨምሩ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት።

ሐ. ቻፕማንስ ፒክ ክፍት መሆኑን እዩ። ድንጋይ ሲናድ፣ ዝናብ ሲበረታ ወይም ነፋስ ሲከፋ ይዘጋል። መንገዱ የራሱ ድረ ገጽ አለው። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ፣ ምሳ ላይ አንዴ እዩት። ሦስቱም ያስፈልጋል፤ ጠዋት ክፍት የነበረው ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል።

መ. ነፋሱን እዩ። በበጋቸው፣ ማለትም እኛ ገናና ጥምቀት ላይ ስንሆን፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ ቀልድ አያውቅም። እኔ ትንበያው በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ የገደል አፋፍ የእግር ጉዞውን (ከታች ቁጥር 6 ላይ አለ) እሰርዛለሁ፤ ልጆች ካሉ ደግሞ ቀኑን እቀይራለሁ።

ሠ. የውድድር ቀን እንዳይሆንባችሁ። በማርች ትልቁ የብስክሌት ውድድር፣ በኤፕሪል ሰሞን ደግሞ ቱ ኦሽንስ ማራቶን አለ። በእነዚያ ቀናት የባሕሩ ዳር መንገዶች ይዘጋሉ።

ረ. ክፍያውን አስሉ። ሦስት ቦታ ትከፍላላችሁ፦ ለፓርኩ፣ ለፔንግዊኖቹ፣ ለቻፕማንስ ፒክ ኬላ። የኬላው ለትንሽ መኪና 60 ራንድ አለፍ ይላል፤ በየዓመቱም ይጨምራል። የፓርኩ ዋጋ ለውጭ አገር ሰው ከዜጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ እሱን ሳታዩ አትሂዱ፣ ቤተሰብ ሲሆን ይከብዳል። ካርድም ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ሰ. ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል።

ሸ. ቦርሳ አዘጋጁ። ውኃ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት (በጋም ቢሆን)፣ ጣቱ የተሸፈነ ጫማ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የስልክ ቻርጀር። ምግቡን ዚፕ ባለው ቦርሳ አድርጉት። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

2. መኪናውን ስትረከቡ

የእኛ አገር ሹፌር እዚህ ላይ ነው ላብ የሚያጠምቀው። መንዳት በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ ነው። የእግር ፔዳሎቹ ግን ቦታቸው አልተለወጠም፦ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ። ማርሽ የምትቀይሩት በግራ እጅ ነው። ከቻላችሁ አውቶማቲክ ተከራዩ፤ ገንዘቡ ትንሽ ይጨምራል፣ ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አንድ የማስታወሻ ዘዴ አለች። ሹፌሩ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ወደ መንገዱ መሃል ነው። በየታጠፋችሁበት «እኔ መሃሉ ጋ ነኝ?» በሉ። ካልሆናችሁ መስመር ተሳስታችኋል።

በአንዳንድ መኪና ፍሬቻው በቀኝ እጅ በኩል ነው። ፍሬቻ ልትሰጡ ስትሉ የዝናብ መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ላይ ሲንኳኳ አትደንግጡ። ከማቆሚያው ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ እየነካካችሁ ተለማመዱ።

አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጡ። በአራቱም አቅጣጫ ስቶፕ ያለበት መስቀለኛ ላይ ደግሞ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል። ጡሩንባ አያስፈልግም፣ ተራችሁን ጠብቁ።

መንጃ ፈቃዳችሁ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ የተረጋገጠ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያዙ። ነዳጁን ከዋዜማው ሙሉ፤ ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም።

ጂፒኤሱ «አቋራጭ» ብሎ ከዋናው መንገድ ሊያወጣችሁ ሲሞክር አትስሙት። በሮቹን ቆልፉ፣ ስልክና ቦርሳ ከወንበር ላይ አንሱ። ስትቆሙ ዕቃ ከኋላ የምታስገቡ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አስገቡት። ማቆሚያው ላይ እያዩዋችሁ ማስገባት «ይኸው እዚህ አለ» እንደማለት ነው።

3. አቅጣጫ፦ ባሕሩ ሁልጊዜ በግራችሁ

ዙሩን በሁለት አቅጣጫ መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰው በካምፕስ ቤይ በኩል ይጀምራል፣ ለከተማው ስለሚቀርብ። እኔ አልመክርም።

በምሥራቁ በኩል ውረዱ፣ በምዕራቡ በኩል ተመለሱ። በካርታ ላይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዙሪት ማለት ነው። በግራ ስለምትነዱ ባሕሩ ቀኑን ሙሉ በእናንተ በኩል ይሆናል። በተለይ ቻፕማንስ ፒክ ላይ የማረፊያ ቦታዎቹ በባሕሩ በኩል ናቸው፤ በዚህ አቅጣጫ ፍሬቻ ሰጥቶ ገባ ማለት ብቻ ነው። በሌላኛው አቅጣጫ ኩርባ ላይ የሚመጣ መኪና ፊት ማቋረጥ ይኖርባችኋል። ፀሐይዋም ታግዛለች፤ ጠዋት የምሥራቁን ዳር፣ ማታ የምዕራቡን ታበራለች።

4. ከከተማ እስከ ሳይመንስ ታውን

ከጠዋቱ 1 ሰዓት (7፡00) መኪናው ይነሳ። ኤም 3 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ፣ ሙይዘንበርግ ላይ ኤም 4ን ያዙ። ታችኛው የባሕር ዳር መንገድ ከተጨናነቀ ቦይስ ድራይቭ የሚባለው በተራራው ወገብ ያልፋል፤ ከላይ ሆናችሁ የባሕር ወሽመጡን ታያላችሁ፣ ካልክ ቤይ ላይ ትወርዳላችሁ።

እዚህ አካባቢ ቁርስ ላይ አትቀመጡ። ቀኑ የሚሰረቀው እዚህ ነው። ሙይዘንበርግ ላይ ባለቀለም የእንጨት ጎጆዎቹን ለመቅረጽ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። መዋኘት ያማረው ሰው ካለ መጀመሪያ ባንዲራውን ይይ። አረንጓዴ ከሆነ ሻርክ አልታየም፣ ውኃውም ጥርት ብሎ ይታያል። ጥቁር ከሆነ ጠባቂዎቹ በደንብ አይታያቸውም። ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጭ ሆኖ የሻርክ ሥዕል ያለበት ከተሰቀለ ከውኃው ውጡ።

5. ፔንግዊኖቹ፦ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይደለም

ቦልደርስ ያለው ከሳይመንስ ታውን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በአብዛኛው ወራት 2 ሰዓት (8፡00) ይከፈታል። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ተገኙ። ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይበላል።

መጀመሪያ ወደ ፎክሲ ቢች የእንጨት መተላለፊያ ሂዱ፤ ብዙዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ቲኬቱን አትጣሉ፣ በዚያው ቲኬት መዋኛው ጋ መግባት ይቻላል። ማቆሚያ ካጣችሁ ሲፎርዝ ጋ አቁሙና በእግር ኑ።

እጃችሁን አትዘርጉ። ፔንግዊን የዋህ ይመስላል እንጂ ምንቃሩ ምላጭ ነው። ላባቸው የተቦጫጨቀ፣ ድርቅ ብለው የቆሙ ካያችሁ አልታመሙም፤ ላባ እየቀየሩ ነው፣ በዚያ ጊዜ ዓሣ ማደን ስለማይችሉ ይራባሉ። አታስሩጧቸው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ከመኪናው ሥር እዩ፤ ጥላ ፍለጋ ይገባሉ።

6. ፓርኩ፦ የቀኑ ዋና ሥራ

ከቦልደርስ ተነስታችሁ ኤም 4ን ቀጥሉ። መንገዱ ከባሕሩ በላይ እየወጣ ይሄዳል። በሩ በግራ በኩል ነው። 4 ሰዓት (10፡00) አካባቢ ከደረሳችሁ ደህና ናችሁ።

ዝንጀሮዎቹ
ምግብ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ያልተቆለፈ በር በእጀታው ይከፍታሉ። እኛ አንድ ጊዜ መስኮት አራት ጣት ያህል ከፍተን ቆመን ነበር። ፀጉራም ክንድ ገብቶ የዳቦውን ፌስታል ሲያወጣ ከኋላ የተቀመጡት ጮኹ፣ እሱ ግን ዘወር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ኮፈኑ ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን ቀደደና አንድ በአንድ በላ። ስለዚህ፦

- ዝንጀሮ ባለበት መስኮት ዝጉ፣ በር ቆልፉ።
- ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አትውረዱ። የምትበሉት ምግብ ቤት ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ይሁን።
- ከቀማችሁ አትታገሉ። ልቀቁለት።
- አትመግቡ። በሕግም የተከለከለ ነው።

የመብራት ቤቱ ጉዞ
መኪናውን ኬፕ ፖይንት ማቆሚያ ላይ አቁሙ። በሩን ስትከፍቱ በእጃችሁ ያዙት፤ ነፋሱ ገንጥሎ ሊወስደው ይደርሳል።

ወደ ላይ በእግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ ዳገት ነው ግን መንገዱ የተነጠፈ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ በሐዲድ ላይ የምትጎተተዋን ትንሽ ባቡር ይያዝ፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ከላይኛው ጣቢያዋ በኋላም ደረጃ እንደሚጠብቃችሁ እወቁ፤ ይህን ለሽማግሌዎች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ላይ ስትደርሱ ጉም ከሆነ አትጠብቁ። ይሄ ጫፍ በጉም የታወቀ ነው። እዚያ የቆመው አሮጌ መብራት ሥራ የጀመረው በ1860 ነበር፤ ከፍታው ከመጠን ያለፈ ሆኖ ጉም እየሸፈነው መርከበኞች አያዩትም ነበር። በ1911 ሉሲታንያ የተባለች የፖርቱጋል መርከብ እዚያ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መብራት ከባሕሩ 87 ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ ተሠራ። ለእናንተ ትርጉሙ፦ ላይኛው ሲሸፈን ታችኛው ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ወርዳችሁ ወደ ታችኛው መብራት የሚወስደውን መንገድ ያዙ፣ ወይም በቀጥታ ወደሚከተለው እለፉ።

ወደ ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ የሚወስደው የገደል አፋፍ ጉዞ
ከማቆሚያው ተነስቶ በእንጨት መተላለፊያና በድንጋይ ደረጃ የሚሄድ ነው። አንድ መንገዱ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሰዓት እስካለ ድረስ ከዙሩ ሁሉ የማልተወው ይሄን ነው።

ዘዴው ይህ ነው፦ አንድ ሰው መኪናውን ይዞ ይቅር። የቀራችሁት ተራመዱ። እሱ በመንገዱ ዞሮ ከታች፣ ከታዋቂው ምልክት (የቦታው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ) ሥር ካለው ማቆሚያ ይጠብቃችሁ። መመለሱ ይቀርላችኋል፣ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ። ኔትወርክ ስለሌለ ደወል አትጠብቁ፤ የመገናኛ ሰዓት በአፍ ተስማሙ። ሁሉም መራመድ ከፈለገ ደርሶ መልሱን ሁለት ሰዓት ያዙለት።

በመንገዱ መሃል ወደ ዲያስ ቢች የሚወርድ ረጅም የእንጨት ደረጃ አለ። አሸዋው ይጣራል። የወረደ መውጣት እንዳለበት አይርሳ፤ ጊዜ ካጠረባችሁ ከላይ እዩት። ወርዳችሁም ከሆነ ወደ ውኃው አትግቡ፤ ወደ ውስጥ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ አለ።

የምትረግጡትን እያያችሁ ሂዱ፤ እባብ ፀሐይ ለመሞቅ መንገድ ላይ ይተኛል። ከመተላለፊያው አትውጡ፣ ለፎቶ ብላችሁም ገደል ጫፍ ላይ ጀርባችሁን ለነፋስ አትስጡ።

ምልክቱ ጋ ሰልፍ አለ። ተራ ይዛችሁ ተነሱና ሂዱ። ደግሞ «የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነኝ» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ፤ ምልክቱ ራሱ የሚለው ደቡብ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ደቡባዊው ጫፍ ኬፕ አጉላስ ነው፣ ከዚህ በምሥራቅ በኩል ሩቅ ነው።

8 ሰዓት (14፡00) ሲሆን ከበሩ ውጡ።

7. ኮመኪ፦ እግር ማፍታቻ

ከፓርኩ በር ወጥታችሁ ወደ ግራ ታጠፉ። ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ ወደ ሳይመንስ ታውን ተመለሳችሁ ማለት ነው፤ ደክሟቸው የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ስካርቦሮን አልፋችሁ ኮመኪ ትደርሳላችሁ (ሲጻፍ ሌላ ይመስላል፣ ሲጠሩት እንዲህ ነው)። ስላንግኮፕ የሚባለው ነጭ መብራት ቤት 33 ሜትር ቁመት አለው፤ ከሥሩ ሜዳ ሜዳውን የሚሄድ የእንጨት መንገድ አለ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ልጆችም ይችሉታል።

ኑርድሁክ ያለው ረጅም አሸዋማ ዳርቻ ከሩቅ ያምራል። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ወደ መሃሉ አትዝለቁ፤ ጭር ያለ ነው፣ ዘረፋም ይከሰታል።

8. ቻፕማንስ ፒክ

9 ኪሎ ሜትር፣ 114 ኩርባ። ከኑርድሁክ በኩል ስለምትገቡ ኬላው የሚገኘው መጨረሻ ላይ፣ ሀውት ቤይ አጠገብ ነው። ከ10 እስከ 11 ሰዓት (16፡00–17፡00) ለመድረስ አስቡ። ጁን ላይ ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ዲሴምበር ላይ ግን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ።

- ሹፌሩ አይቅረጽ። ማየት ከፈለገ ይቁም።
- የምትቆሙት በማረፊያ ቦታ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ መቆም ራስን ማጥፋት ነው።
- ከኋላችሁ የቸኮለ ካለ ማረፊያ ላይ ገባ ብላችሁ አሳልፉት።
- ብስክሌተኛ ሲኖር ሰፊ ቦታ ተውለት። ማለፍ ካልቻላችሁ ከኋላው ቀስ በሉ።
- ሆዱ የሚገላበጥበት ሰው ፊት ይቀመጥ፣ ስልክ አይይ።

ዝግ ከሆነ። ከኑርድሁክ ኡ ካፕስ ቬግ የተባለውን የተራራ መንገድ (ኤም 64) ያዙ። እሱም ደስ ይላል፣ ወደ ኤም 3 ያወርዳችኋል። ሰዓት ከተረፋችሁ በኮንስታንሺያ ኔክ ዞራችሁ ሀውት ቤይ ትገባላችሁ፤ ከዚያ የምዕራቡን ዳር ይዛችሁ በካምፕስ ቤይ በኩል ከተማ ትደርሳላችሁ።

9. ነገር ሲበላሽ

አርፍዳችሁ ከተነሳችሁ፦ ፔንግዊኖቹን ዝለሉ፣ በቀጥታ ወደ ፓርኩ። በሩ ላይ ስትደርሱ ዳሽቦርዱ ላይ የጻፋችሁት ሰዓት ካለፈ የገደል አፋፉን ጉዞ ተዉ፤ መብራት ቤቱን ብቻ አይታችሁ ውጡ። መጨረሻ የሚቀነሰው ነገር መብራት ቤቱ ይሁን።

ቀኑ በሙሉ ዝናብ ከሆነ፦ ለፓርኩ አትክፈሉ። በካልክ ቤይና በሳይመንስ ታውን ውላችሁ ተመለሱ፤ ዙሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ጎማ ከፈነዳ፦ ኩርባ ላይ አትቀይሩ። ቀስ ብላችሁ እስከ ማረፊያው ንዱት፤ ጎማው ይበላሽ። አደጋ መጠቆሚያ መብራቱን አብሩና አከራያችሁ ጋ ደውሉ። ስለዚህ የአከራዩን ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሰው ከተጎዳ ወይም ከጠፋ፦ ከሞባይል 112 ይሠራል፣ ፖሊስ 10111 ነው። ኔትወርክ ከሌለ ብቻችሁን ገደል ለገደል አትፈልጉ፤ አንዱ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄዶ የፓርኩን ሠራተኛ ይጥራ።

ጨለማ ከያዛችሁ፦ ያልታየውን ማረፊያ ሁሉ እርሱት። ከሀውት ቤይ በኋላ የትም አትቁሙ፤ በሮቹ እንደተቆለፉ ቀጥታ ወደ ማደሪያችሁ። ስትደርሱ መኪናውን ከመመለሳችሁ በፊት ወንበር ሥር እዩ፤ የኛ ሰው ፓስፖርቱን የሚያገኘው ሁልጊዜ እዚያ ነው።